ወንድሜን የባሕር ዓሣ ወጋው፤ እግሩን ማሰር ነበረበት? ጣናስ ያስፈራል?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለትምህርት ፖርቱጋል ይኖራል። ባለፈው ሳምንት ከጓደኞቹ ጋር ባሕር ሄዶ፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ሲራመድ የሆነ ነገር ተረከዙን ወጋው። እንደ እሳት አቃጠለኝ ይላል። ነፍስ አድን ሠራተኞቹ እግሩን ትኩስ ውሃ ውስጥ ነከሩለት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለቀቀው። ግን ይኸው ስድስተኛ ቀኑ ነው፣ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ አልሄደም። ያሳክከዋል፤ አንዷን ቦታ ሲጫናት ያመዋል። እናታችን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። መርዙ ወደ ልብ እንዳይወጣ ወዲያው መታሰር ነበረበት፣ ተበጥቶ መመጠጥ ነበረበት፣ አሁንም ፌጦ ይለጥፍበት ትላለች። እኔን ደግሞ ያሳሰበኝ የመርዝ ማርከሻ መርፌ አለመወጋቱ ነው። መርዙ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል ወይ? ልጆቼንስ ባሕር ዳር ስወስዳቸው ጣና ዳር ውሃ ይገባሉ። እንዲህ ያለ ዓሣ እዚያም አለ?»

ምላሽ፦ የነገሩን ሁሉ የሚያመለክተው ዊቨር የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ነው። ፖርቱጋሎች ፔይሽ አራኛ ይሉታል። በበጋ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚሠሩ ነፍስ አድን ሠራተኞች በደንብ ያውቁታል፤ ሳይደናገጡ ትኩስ ውሃ ያመጡትም ለዚህ ነው። ያደረጉት ትክክል ነው። እናትዎ «መደረግ ነበረበት» ያሉት ነገር ግን ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ወንድምዎ ዛሬ ከዚህ የባሰ እግር ይዞ ሆስፒታል ይመላለስ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምለው እናትን ለመንቀፍ አይደለም። ምክራቸው በየቤቱ የሚሰማ ስለሆነ ነው።

ዓሣው ትንሽ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ15 ሴንቲሜትር አይበልጥም። ከሰሜን ባሕር ጀምሮ በአትላንቲክ ዳር ወደ ደቡብ እስከ ሞሮኮ፣ እንዲሁም በሜዲትራኒያን ባሕር ይገኛል። ቀን ቀን ጥልቀት በሌለው ውሃ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል። ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው፤ አፉም ወደ ላይ ያዘነበለ ነው። ተቀብሮ እያለ ከአሸዋው በላይ የሚታየው ዓይኑና ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ጥቁር ክንፍ ብቻ ነው። መርዛማዎቹ እሾሆች ያሉት እዚያች ጥቁር ክንፍ ውስጥ ነው፤ ከአምስት እስከ ስምንት ይሆናሉ። በግራና በቀኝ የስንጥቡ መክደኛ ላይም አንድ አንድ እሾህ አለው። አድብቶ የሚጠብቀው ትናንሽ ዓሦችንና ሽሪምፕን ነው። ሰው አያሳድድም። ሲረገጥ ብቻ ይወጋል።

አወጋጉን ማወቅ ሕክምናውን ለመረዳት ይጠቅማል። እባብ ሲነድፍ መርዙን በጡንቻ ጨምቆ ያስገባል። ዊቨር እንዲህ ያለ ጡንቻ የለውም። መርዙ እሾሁ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ፣ በስስ ቆዳ ተሸፍኖ ነው የሚቀመጠው። ሰው ሲረግጠው እሾሁ ይገባል፣ ስሱ ቆዳ ይቀደዳል፣ መርዙ ቁስሉ ውስጥ ይፈሳል። ጉልበቱ የረጋጩ ክብደት ነው። ስለዚህ የሚገባው መርዝ ትንሽ ነው። ሕመሙ ግን ትንሽ አይደለም። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እየባሰ ይሄዳል፣ ከእግር ተነሥቶ ወደ ላይ ይሰራጫል፣ ጎልማሳን ሰው ያስለቅሳል። ምንም ካልተደረገለት ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ይቆያል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መንቀጥቀጥና የሆድ ቁርጠት ሊከተሉት ይችላሉ። ሰው መግደሉ ግን እጅግ ብርቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለሚያደናግረው። መርዙ እሾሁ ላይ እንጂ ሥጋው ውስጥ የለም። የዊቨር ትልቁ ዘመድ በአውሮፓ ገበያ ይሸጣል፣ ተበስሎም ይበላል። እሾሁን ግን ቀድመው ይቆርጡታል፤ ዓሣው ከሞተ በኋላም ይወጋልና።

አሁን ወደ እናትዎ ምክር ልምጣ። መርዙ ወደ ልብ ይወጣል የሚለው ፍርሃት የመጣው ከእባብ ነው። ዓባይ በረሃ ወርዶ የሚያርስና ከብት የሚጠብቅ ሰው ባለበት አገር ይህን ማሰብ አይገርምም። የዚህ ዓሣ መርዝ ግን ዋና ሥራውን የሚሠራው የገባበት ቦታ ላይ ነው። እግሩን በገመድ ወይም በመቀነት ቢያስሩት መርዙን እዚያው ያፍኑታል፤ ሥጋው ደግሞ ደም ያጣል። ጥብቅ አድርጎ ታስሮ የቆየ እግር ሲፈታ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ሁለተኛ አይሞክረውም። ጠቁሯል፣ ቀዝቅዟል፣ ጣቶቹ አይንቀሳቀሱም። ያንን ጉዳት ያመጣው መርዝ ሳይሆን ገመዱ ነው። ለእባብም ቢሆን እንዲህ ማሰር አይመከርም።

መብጣትና መምጠጥም እንዲሁ ነው። የእሾሁ ቀዳዳ የመርፌ ያህል ናት። በምላጭ ሲበጣ ትንሿ ቀዳዳ ትልቅ ቁስል ትሆናለች። ተረከዝና የእግር ጣት አካባቢ ጅማትና ነርቭ ከቆዳው ሥር ብዙም አይርቁም። በአፍ መምጠጥ መርዙን አያወጣም፤ የአፍ ጀርም ግን ያስገባል። ጥቁር ድንጋይ መለጠፍም መርዝ አይስብም።

ፌጦን በተመለከተ እናትዎን አክብሬ እምቢ እላለሁ። ፌጦም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ቆዳ ላይ ለሰዓታት ሲታሰር ራሱ ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። ከዚያ በኋላ ሐኪም ሲያየው የቱ የመርዙ እብጠት፣ የቱ ኢንፌክሽን፣ የቱ የፌጦው ቃጠሎ እንደሆነ መለየት ይቸግረዋል። አረቄ ማፍሰስም ከማቃጠል በቀር ለመርዙ የሚያደርገው ነገር የለም። ኮምጣጤ ለአንዳንድ የጄሊፊሽ ዓይነቶች ይመከራል፤ እዚህ አይሠራም። በረዶም በመጀመሪያው ሰዓት ቦታው አይደለም።

ሥራ የሚሠራው ትኩስ ውሃ ነው። ይህን ጠበቅ አድርጌ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ሰው ቀላል መስሎት በአግባቡ አያደርገውምና።

በመጀመሪያ ሰውየው ከውሃ ይውጣ። ሕመሙ ድንገተኛ ስለሆነ የሚያዞረው አለ፤ ጥልቀት በሌለው ውሃም ሰው ይሰምጣል። ከዚያ እግሩን ይመልከቱ። ጫፉ የሚታይ እሾህ ካለ በወረንጦ ቀስ ብሎ ይነቀል። የማይታየውን መቆፈር አያስፈልግም። ቀጥሎ እግሩ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ቴርሞሜትር ከሌለ ማታ ለእንግዳ እግር ማጠቢያ የሚቀርበውን ለብ ያለ ውሃ ያስቡ፤ ከዚያ ሞቅ ያለ፣ ግን እጅ ሳይሸሽ የሚችለው መሆን አለበት። ውሃውን የሚሞክረው የተወጋው ሰው አይደለም። እሱ እግሩ እየነደደ ስለሆነ የውሃውን ሙቀት በትክክል መለካት አይችልም። ሌላ ጤነኛ ሰው እጁን ነክሮ ይፈትነው፤ ከዚያም የተወጋው ሰው ደህናውን እግሩን ቀድሞ ይንከር።

ጊዜው ቢያንስ 30 ደቂቃ ነው። ሕመሙ ከተመለሰ እስከ 90 ደቂቃ ይቀጥላል። ውሃው በየመሐሉ ይቀዘቅዛል። ሲጨመርበት ግን እግሩ መጀመሪያ ይውጣ፣ ትኩሱ ይጨመር፣ ይማሰል፣ እንደገና ይፈተን። ብዙ ሰው የሚቃጠለው እግሩ ውስጥ እያለ ከማንቆርቆሪያ ሲገለበጥበት ነው። አውሮፓ ያለ ቤት ውስጥ ከቧንቧ የሚወርደው ትኩስ ውሃም ከ45 ዲግሪ ሊበልጥ ስለሚችል ሳይፈተን እግር አይደረግበትም። የስኳር ሕመም ኖሮበት እግሩ የሚደነዝዘው ሰውና ሕፃን ልጅ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ለእነሱ ወደ 40 ዲግሪው ቢጠጋ ይሻላል። ሐኪም ቤት ማደንዘዣ የተወጋ እግርም ትኩስ ውሃ ውስጥ አይገባም። ቢቃጠል አይታወቅም።

ትኩስ ውሃ ለምን ይሠራል? የዊቨር መርዝ ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን ደግሞ ሙቀት ያበላሸዋል። ይህ ግን ሙሉው ምክንያት አይመስለኝም። 45 ዲግሪ ውሃ ላይ ላዩን ያሞቃል እንጂ ሥጋው ውስጥ ዘልቆ መርዙን አያበስለውም። ሙቀቱ የሕመም መልእክት የሚያስተላልፉትን ነርቮችም ያረጋጋል። የትኛው እንደሚያመዝን ባለሙያዎች አሁንም ይከራከሩበታል። የሚሠራ መሆኑ ላይ ግን ክርክር የለም። ከዚያ በኋላ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ይወሰዳል። ቁስሉ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ክፍት ይተዋል፤ አይሰፋም፣ ታፍኖም አይታሸግም።

የማርከሻውን ነገር ላንሣ። ለዊቨር የሚሰጥ የተለመደ ማርከሻ መርፌ የለም። ስለዚህ ወንድምዎ የተነፈገው ነገር የለም። ሐኪም ቤት ቢሄድም ያው ትኩስ ውሃና የሕመም ማስታገሻ ነበር የሚሰጡት። መርዙም ሰውነቱ ውስጥ አልቀረም። ከሳምንት በኋላ የሚያሳክከው ሰውነቱ ለዚያ ባዕድ ነገር የሰጠው ምላሽ ነው። እብጠትና ማሳከክ ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት መቆየታቸው አዲስ ነገር አይደለም። ሴቲሪዚን የመሰለ የአለርጂ ክኒን ማሳከኩን ያቀልለታል።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። «አንዷን ቦታ ሲጫናት ያመዋል» ብለዋል። አጠቃላይ እብጠቱ እየቀነሰ አንዲት ነጥብ ብቻ ለይታ ስታም የእሾህ ስባሪ ውስጥ መቅረቱን እንጠረጥራለን። ስባሪው በአልትራሳውንድ ወይም በኤክስሬይ ይፈለጋል፤ ከተገኘ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይወጣል። በመርፌ ወይም በምላጭ ቤት ውስጥ መፈለግ አይገባም።

ሁለተኛው ቴታነስ ነው። በእኛ አገር የቴታነስ ክትባት ለእናቶች በእርግዝና ጊዜ ይሰጣል። ወንድ ልጅ ግን በሕፃንነቱ ከተከተበ ወዲህ ማንም ሳያስታውሰው ያድጋል። ብዙ ወጣት ወንዶችን «መጨረሻ የተከተብከው መቼ ነው?» ስላቸው መልስ የላቸውም። እሾህ የሚያስገባው ጠባብና ጥልቅ ቁስል ደግሞ ለቴታነስ የተመቸ ነው። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ወንድምዎ በዚህ ሳምንት እዚያው ፖርቱጋል ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ተረከዙን ያሳይ፣ ቴታነስ ይከተብ። ሌላ ምንም አይለጥፍበት። ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቀይ መስመር ወደ ላይ ከወጣ ግን ሳምንቱን አይጠብቅ፤ የዚያኑ ዕለት ይሂድ።

ለሌላ ጊዜም ይህን ይያዙልኝ። ተወግቶ ወዲያው ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ፊቱና ከንፈሩ የሚያብጠው፣ ደረቱን የሚጨምቀው ወይም ራሱን የሚስት ሰው ትኩስ ውሃ ይዘው አይቀመጡበት። ያ አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ ደቂቃ አይሰጥም። አውሮፓ ላይ 112 ይደወላል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህን አንብቦ «ለካ መርዝ በትኩስ ውሃ ይለቃል» ብሎ እባብ ለነደፈው ሰው የሚያሞቅ እንዳይኖር። ለእባብ ትኩስ ውሃ አይሆንም። የተነደፈው ሰው ይረጋጋ፣ እግሩ ወይም እጁ እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ፣ ተሸክመውት ማርከሻ ወዳለበት ሆስፒታል ያድርሱት።

ጣናን በተመለከተ ልብዎን ያሳርፉ። ዊቨር የጨው ውሃ ዓሣ ነው፤ ጣና ውስጥ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛውን ዓባይ ዓሦች እንኳ ወደ ጣና እንዳይወጡ ዘግቶ ኖሯል። ለዚህም ነው ሐይቁ ሌላ የትም የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ያሉት። ሰው ረግጦት የሚመርዝ ዓሣ ግን የለውም።

የሚወጋ ግን አለ። ቀረሶ ጀርባው ላይ ጠንካራ እሾሆች አሉት፤ ባሕር ዳር ዓሣ የሚያጸዱ ሰዎች እጃቸውን የሚወጋቸው እሱ ነው። የባሰው አምባዛ ነው። ከጭንቅላቱ ኋላ በግራና በቀኝ ባሉት ክንፎቹ ፊት ወፍራም አጥንት አለ፤ የውጭ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። ሲያዝ ያንን አጥንት ይገትረዋል፣ ተገትሮም ይቆለፋል። ከመረብ ሲፈቱት እጅ ላይ ሲገባ ቆዳውን እየቀደደ ነው። የሚያመጣው ትልቅ ጉዳት ቁስሉና ቁስሉን ተከትሎ የሚገባው የሐይቅ ባክቴሪያ ነው። አጥማጁ በሐይቁ ውሃ ለቅለቅ አድርጎ በጨርቅ ጠቅልሎ ሥራውን ይቀጥላል። ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ አውራ ጣቱ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ ሲያብለጨልጭ፣ መዳፉን መጨበጥ ሲያቅተው ይመጣል። በመጀመሪያው ሰዓት በንጹሕ ውሃና በሳሙና ቢታጠብ፣ ቴታነስም ቢከተብ አብዛኛው እዚያ አይደርስም ነበር። አምባዛ ሲያዝ ጣቶች ከክንፎቹ ኋላ ሆነው ጭንቅላቱን መጨበጥ አለባቸው።

ልጆችዎን በተመለከተ ጣና ላይ የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም አያምም። ቢልሃርዝያ ነው። ትሉ የሚኖረው ሣርና ደንገል ባለበት፣ ውሃው በተኛበት ዳር በሚገኙ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ከእነሱ ወጥቶ በደህና ቆዳ ውስጥ ያልፋል። ልጁ ምንም አይሰማውም፤ ወይ ትንሽ ያሳክከዋል። ከሳምንታት በኋላ የሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣል። ልጆችዎ ጥልቀት በሌለው ዳር ውሃ ገብተው ከነበረ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ሰገራ አስመርምሩላቸው። ከተገኘ ፕራዚኳንቴል ያድነዋል። ዓሣ ፈርተው ከውሃ ቢያርቋቸው እንኳ ምክንያቱ ይህ ቢሆን ይሻላል።

ከጎጃም ወደ ጅቡቲም ሆነ ወደ ሳዑዲ የሚሄድ ብዙ ሰው ስላለ ቀይ ባሕርንም ላንሣ። ዊቨር እዚያ የለም። ስቶንፊሽ የሚባለው ግን አለ። ድንጋይ መስሎ ይተኛል፤ ጀርባው ላይ 13 እሾሆች አሉት፤ ከዊቨር በጣም የከፋ ነው። የመጀመሪያ እርዳታው ያው ትኩስ ውሃ ሲሆን፣ እየተነከረም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ለእሱ አውስትራሊያ ውስጥ የሚመረት ማርከሻ አለ።

ወንድምዎ ቁስሉ ሲድን ወደ ባሕር ቢመለስ ችግር የለውም። አንድ ጊዜ መወጋት ለሁለተኛው መከላከያ አይሆነውም። ሶሉ ወፍራም የሆነ የውሃ ጫማ ይግዛ፤ ስስ ሶል እሾሁ ይበሳዋል። ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት ጥልቀት በሌለው ውሃ ሲሄድ እግሩን እያነሣ አይርገጥ። አሸዋው ላይ እየጎተተ ይሂድ፤ ተቀብሮ ያለው ዓሣ አሸዋው ሲናወጥ ቀድሞ ይሸሻልና።